ርኅራኄና የወንድሜ በሬ ቁርበት

ደብረ ታቦር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የቃላት አመጣጥ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከተማሪዎቼ አንዱ «ርኅራኄ» የሚለውን ቃል ያነሳል። አጻጻፉ ስለሚያስቸግራቸው ነው እንጂ ትርጉሙ አሳስቧቸው አይደለም። እኔም ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ሥሩ ግዕዝ ነው እላቸዋለሁ፤ «ርኅርኀ» ማለት ለሰለሰ፣ ላመ፣ ባባ ማለት ነው፤ ዛሬ «ራራ» የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው። እነሱ ይገለብጣሉ። እኔ ቶሎ ብዬ ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለሁ፤ ትንሽ ከቆየሁበት ድምፄ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ። ሰሌዳው ላይ የማልጽፈውን እዚህ ልጻፈው።

ትርጉሙን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። አባቴ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የገጠር ደብር ቄስ ናቸው፤ በሥራ ቀን እንደ ማንም ገበሬ ጤፍና ገብስ ያርሳሉ፣ በሰንበትና በበዓል ይቀድሳሉ። ዋናው አመላቸው ግን ቃል ማሳደድ ነው። አንድ ሰው ወግ እያወጋ ደህና ቃል ከጣለ አበቃ፤ አባቴ ወጉን ትተው ቃሉን ይይዙታል። ይህ ከየት መጣ፣ በግዕዙ ምን ይባል ነበር፣ የትኛውን ፊደል ጥሎ ነው አማርኛ የሆነው ሲሉ ወጡ ይቀዘቅዛል። እናቴ «መጀመሪያ እንብላው፣ ከዚያ ትርጉሙን ይነግሩናል» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ደግነትን ከቸርነት፣ ቸርነትንም ከርኅራኄ ይለያሉ። ቸር ሰው ጎተራውን ይከፍታል ይሉኝ ነበር፤ ርኅሩኅ ሰው ግን የሚከፍተው ጎተራ ባይኖረውም ሆዱ ይከፈታል። ልጅ ሳለሁ የሰው ልብ እንዴት ሆኖ ነው የሚለሰልሰው ብዬ ጠየቅኳቸው። መዳፌን ያዙና መጀመሪያ ደጅ የተሰጣ ቁርበት ላይ አስቀመጡት፤ ደረቅና ሻካራ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት አስገብተውኝ መደቡ ላይ የተነጠፈውን ጄንዲ አስነኩኝ። እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

«ሁለቱም የበሬ ቆዳ ናቸው» አሉኝ። «ይኸኛው ግን ለፍቷል።»

ገባኝ ብል ውሸት ነው። ቶሎ ለቀውኝ ወደ ጨዋታዬ ብመለስ ነበር የምፈልገው።

በእኛ አገር ጄንዲ የሚለፋው በእግር ነው። ቁርበቱ ይነከራል፣ የጠላ አተላ ይቀባል፣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ይረግጠዋል። እየተዘፈነ፣ እየተሳሳቀ፣ ላብ እስኪንቆረቆር ድረስ ነው የሚረገጠው። ደግሞ ይፈታል፣ ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይረገጣል። ብቻውን ጄንዲ ያለፋ ሰው አላየሁም፤ የአንድ ሰው ክብደት አይበቃውም።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሥራ ይወድ ነበር። እኔ እህቱ ለትምህርት ወደ ከተማ ስወጣ እሱ ከአባታችንና ከእናታችን ጋር ቀረ፤ ቀረ ስል ተገዶ አይደለም፣ መሬቱንና በሬዎቹን ይወድ ስለነበር ነው። ከበሬዎቹ አንዱ ዳልቻ ነበር። ያን ዳልቻ በስሙ እየጠራ ያወራው ነበርና እናቴ ሚስት ስናገባለት በሬው እንዳይቀና እያለች ታስቀው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ወንድሜ ከአንበሳሜ አህያውን እየነዳ ሲመለስ ጉም ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ጉሙ ሲወርድ የሰው ልጅ የራሱን እግር አያይም። ከእብናት እህል ጭኖ ወደ አንበሳሜ የሚሄድ አይሱዙ መታጠፊያው ላይ ገጨው። ሾፌሩ አልሸሸም። ወንድሜን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስተኛውና ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይዞት በረረ። ወንድሜ መንገድ ላይ አረፈ።

ከቤተሰቡ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተደውሎልኝ ስሮጥ ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ አየሁ። ሸሚዙ ደም ነበር፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። እንደኔ ሰው የሞተበት መስሎኝ ነበር። እግሬ ሳይቆም «እግዜር ያጽናህ» ብዬው አለፍኩ። ማን እንደሆነ ያወቅኩት ከሰዓታት በኋላ፣ ፖሊሶች ወደሱ ሲሄዱና እሱም ራሱ ተነስቶ እጁን ሲሰጥ ነው። ያን ቃል ከጆሮው ላይ ነጥቄ ብወስድበት ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። የእኔ ነበር፤ ለወንድሜ ገዳይ የምሰጠው አልነበረም።

ፍርድ ቤት ፈረደበት፣ ታሰረ። እኛም ቀበርን። ነገሩ በሕግ በኩል አለቀ፤ በእኛ በኩል ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ሰንበት አባቴ እንደወትሮው ሌሊት ተነስተው ነጭ ለብሰው ወጡ። ነጋ፣ ቅዳሴው ተጀመረ፤ እናቴና እኔ ስንደርስ ግን አባቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። መግባት የማይችል ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። እናቴ ጠጋ ብላ ምን ሆነሃል አለቻቸው፤ ሰው ፊት አንቱ ትላቸዋለች፣ ያን ጠዋት ግን ረሳችው።

«ቂም ይዣለሁ» አሉ። «ቂም ይዤ መቅደስ አልገባም።»

ከዚያ ሰንበት ጀምሮ እዚያው ቆሙ። መስቀላቸውንም እቤት ተዉት። ሰው እንደ ልማዱ ለመሳለም ጎንበስ ሲል ባዶ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳዩታል፤ ያ ሰው አፍሮ ይሄዳል። ደብሩ ቀዳሽ አንሶት ከሌላ ደብር ሰው ይለምናል። የነፍስ አባታቸው መከሯቸው፤ ሌሎቹ ካህናት ለመኗቸው። እሳቸው ግን ለሰው ይቅርታ ሳያደርጉ «ይቅር በለን» እያሉ መቀደስ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። አንድ ቃል ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ቃሉን ከነሥሩ፣ ከነእርባታው ያውቁታል። ሆዳቸው ግን አልታዘዝ አላቸው።

በአርባው ተዝካር ሲወጣ አባቴ ዳልቻው ይታረድ አሉ። ጎረቤት ሁሉ ደነገጠ፤ የእርሻ በሬ ነው፣ ገና ጉልበት አለው። አባቴ ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው አያርስበትም አሉ። ታረደ። ቁርበቱ ተወጥሮ ደረቀ። ጎረቤቶች እንደ ደንቡ መጥተው ጄንዲ እናድርገው ቢሉ አባቴ «አይነካ» አሉ። ከደጅ የቤቱ ግድግዳ ላይ ከክፈፉ ሥር አቁመውት ቀረ። ንፋስ በመጣ ቁጥር ቁርበቱ ግድግዳውን ይመታል። ሰው ያንኳኳ ይመስላል። እናቴ ብዙ ጊዜ ብድግ ብላ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች።

እኔ በየቅዳሜው ከከተማ እሄድ ነበር። ምን እፈልግ እንደነበር በግልጽ ልናገር። አባቴ ወደ መቅደስ እንዲመለሱ እፈልግ ነበር፤ እዚያ ደጅ ላይ እንደ ወንጀለኛ ቆመው ማየት አንጀቴን ያቆስለኝ ነበር። ይቅር እንዲሉ ግን አልፈልግም ነበር። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ አውቃለሁ፤ አውቄም ሁለቱንም እፈልግ ነበር።

እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ለስልሳለች። የሾፌሩን ጋቢ አጥባ፣ አጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው ተቆጣሁ።

«ይህን ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«የሰው ነው» አለችኝ። «ልጄን የጠቀለለበት ነው። አልሸሸም እኮ። ጉም ነበር፣ መንገድ ላይ ትቶት ቢሄድ ማን ያየው ነበር? ብቻውን ይሞትብኝ ነበር።»

ሳጥኑን ዘጋሁት።

ሽማግሌዎች መላክ የጀመሩት ከተዝካሩ በኋላ ነው። ለማያውቅ ሰው ደንቡን ልናገር። ነፍስ ያጠፋ ሰው ዘመዶች ይቅርታ ሲለምኑ ማልደው ይመጣሉ፤ ከአጥሩ ገብተው ደጅ ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም፣ ውኃም አይጠጡም። ከመካከላቸው የቅርቡ ዘመድ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አጎንብሶ ይቆማል። ድንጋዩን የሚያወርደው ባለ ደሙ፣ የሟቹ ወገን፣ «አውርድ» ሲለው ብቻ ነው። ሳይፈቀድለት ካወረደ ልመናው ፈረሰ፣ ንቀት ነው። ባለ ደሙ ዝም ካለ ቆመው ውለው፣ ወገባቸው ተቆርጦ፣ ሌላ ቀን ሊመለሱ ይሄዳሉ።

እኔ ሽማግሌዎቹን አልወዳቸውም ነበር። የእኛን ሐዘን እንደ ድንበር ክርክር ሊዳኙት የመጡ ይመስለኝ ነበር፤ አነጋገራቸው ሁሉ ቅቤ የተቀባ ነው። ድንጋይ ተሸክመው የመጡት የሾፌሩ አባት ናቸው፤ እብናት ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው። የመጀመሪያው ቀን አባቴ በሩን ዘግተው ዋሉ። ሁለተኛው ቀን በሩን ከፈቱ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ዋሉ እንጂ ቀና አላሉም። እኒያ ሽማግሌ ከነድንጋያቸው እስከ ከሰዓት ቆሙ። ሲወጡ አንድ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ሦስተኛው በግንቦት ነው። ሰማዩ ከማለዳው ጠቁሯል፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንባቸው ተደርድረው ቆመዋል፣ የሾፌሩ አባት ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አጎንብሰዋል። አባቴ ከቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይተያያሉ። እናቴና እኔ ከምድጃው አጠገብ ነን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ስለ ሥላሴ፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ልጅዎ ነፍስ» እያሉ ይለምናሉ። አባቴ ዝም።

ንፋሱ ድንገት ነው የተነሳው። ከንፋሱ ኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ግድግዳው ላይ የቆመው ቁርበት አንድ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ከዚያ ንፋሱ ከሥሩ ገብቶ አነሳውና ግቢው መካከል ወርውሮ ጣለው። እንደ በር ተንጋሎ ወደቀ። ወዲያው ጎርፉ ከላዩ መሄድ ጀመረ። አባቴ ከመደቡ ብድግ አሉ፤ ግን ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከወጡ ከእኒያ ሰዎች ፊት ሊቆሙ ነው። ልጃቸው ያረሰበት በሬ ቁርበት ጭቃ ውስጥ ሲበላሽ እያዩ በሩን ይዘው ቀሩ።

የሾፌሩ አባት ከአጎነበሱበት ቀና ብለው ቁርበቱን አዩ። ድንጋዩን ጣሉት። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ደነገጡ፤ አንዳቸው «ምን አደረግህ አንተ» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እሳቸው ግን አልሰሙም። ሮጠው ቁርበቱ ላይ ደረሱና አንዱን ጫፍ ይዘው ወደ ክፈፉ መጎተት ጀመሩ። ንፋሱ ሌላውን ጫፍ እያነሳ ይመልስባቸዋል። አንዴ አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ተነስተው ደግሞ ያዙት። የደረቀ የበሬ ቁርበት ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። አንድ ሰው አያነሳውም።

አባቴ ወጡ። ጫማም አላደረጉ፣ ነጠላም አልያዙ። በጭቃው መካከል ሄደው ሌላውን ጫፍ ያዙ። ሁለቱ አባቶች እየተንገዳገዱ አንስተው ከጎተራው ክፈፍ ሥር አስገቡት። በረዶው ራሳቸውን እየደበደበው ነበር። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እግሬ ለምን እንዳልተንቀሳቀሰ አላውቅም።

ክፈፉ ሥር ሆነው ሁለቱም ያለከልካሉ። ውኃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል። ቁርበቱን ግን አልለቀቁትም፤ አንዱ በአንድ ጫፍ አንዱ በአንድ ጫፍ ይዘውታል።

«ድንጋዩን ጣሉት» አሉ አባቴ።

«ጣልሁት» አሉ ሰውየው። «ልመናዬ ፈርሷል፣ አውቃለሁ። ቁርበቱ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

ስለ ቁርበቱ ነበር ይቅርታ የጠየቁት።

«የልጄ በሬ ነው» አሉ አባቴ።

የሾፌሩ አባት እጃቸውን ቁርበቱ ላይ እንደ ሰው ገላ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ የከብት ሰው ስለሆኑ እጃቸው ያነብ ነበር መሰለኝ። ማጅራቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ጋ ቆዳው ወፍሮ፣ ተቆጥሮ ጠንክሯል።

«ቀንበር የዋለበት ነው» አሉ። «ብዙ አርሶበታል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «አባ፣ አሁን ርሷል። ዛሬ ካልለፋ ይበሰብሳል። ሌላው ነገር ይቅር፣ ይህን ግን ያስለፉት።»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረው «አተላ አለ?» አሉ።

ነበር። እናቴ በእንስራ ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ደንቡ ፈርሷል፣ የተዘጋጁበት ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀርቷል። ከዚያ አንዳቸው ጫማቸውን አወለቁ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጎተራው ሥር ቁርበቱን ቀብተው፣ ጠቅልለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡት ጀመር። አባቴ ከሾፌሩ አባት አጠገብ ነበሩ፤ ከመያያዝ ሌላ መንገድ የለም፣ ካልተያያዙ ያዳልጣል። ማንም አልዘፈነም። የሚሰማው የእግር ድምፅና የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። ይፈቱታል፣ ይቀቡታል፣ እንደገና ይረግጡታል። ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች፣ እነሱ አሁንም ይረግጣሉ።

ሲደክማቸው ቆሙ። አባቴ እጃቸውን ከሰውየው ትከሻ ላይ አላነሱም። ቀና ብለውም አላዩዋቸውም፤ እግራቸው ሥር ያለውን ቁርበት እያዩ ነበር።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ።

የሾፌሩ አባት እዚያው ጭቃው ላይ ሊደፉ ሲሉ አባቴ ያዟቸው። ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ጀመሩ፤ እኔ ቅቤ ተቀብቷል ያልኩት አንደበት ሁሉ ተዘግቶ እንደ ልጅ አለቀሱ። እናቴ ወደ ቤት ገብታ ጋቢውን ከሳጥን አወጣችና ለሰውየው ሰጠቻቸው። «የልጅዎ ነው፤ አጥቤዋለሁ» አለቻቸው። ተቀብለው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

ጄንዲ በአንድ ቀን አያልቅም። የሾፌሩ አባት ጄንዲው እስኪያልቅ ድረስ እኛ ቤት አደሩ፤ ከአባቴ ጋር ከአንድ ገበታ በሉ። በቀጣዩ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደጀ ሰላሙ ላይ ማንም አልነበረም። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ከመጋረጃው ኋላ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ተሰንጥቋል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። «ይቅር በለን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጨርሶ ጠፋ፤ ዲያቆኑ ጠበቃቸው፤ ከዚያ ቀጠሉ። እናቴ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። በጣም አለቀስኩ። የአባቴ ወደ መቅደስ መመለስ ደስታ ነበር፤ ከደስታው ሥር ግን እኔ ገና ነበርኩ። ሾፌሩን ይቅር አላልኩም። ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።

አባቴ በዚያ ጄንዲ ላይ መተኛት ጀመሩ። ሁሉም ቦታው ለስልሷል፤ ማጅራቱ ብቻ፣ ቀንበር የዋለበቱ፣ ምንም ቢረገጥ አልለሰለሰም። አባቴ ራሳቸውን የሚያደርጉት እዚያ ላይ ነው። ትራስ ሳስቀምጥላቸው ይገፉትና ጉንጫቸውን ጠንካራው ላይ ያሳርፋሉ። ስነቅፋቸው «ይመቸኛል» ብቻ ይሉኛል። እንደማይመቻቸው አውቅ ነበር፤ ጠዋት ፊታቸው ላይ ምልክቱ ይታያል።

አንድ ጊዜ ጄንዲውን ሲያጣጥፉ አግኝቼ «አባባ፣ አሁን ለሰለሱ ማለት ነው?» አልኳቸው። እንደ ድሮው ቃሉን ከሥሩ ይተነትኑታል ብዬ ጠበቅኩ። ጄንዲውን አጥፈው አስቀመጡ።

«እኔ አልለሰለስሁም፣ ልጄ» አሉ። «ብቻዬን ብሆን እዚያው ግድግዳ ላይ እደርቅ ነበር።»

ሾፌሩ የእስሩን ጊዜ ጨርሶ ሲፈታ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ ቤት ነው፤ አባቱ ይዘውት መጡ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም አለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ካየሁት ከስቷል፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። የአባቴን ጉልበት ሳመ፣ የእናቴን እግር ሳመ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያን ቀን እግዜር ያጽናህ ብለውኝ ነበር» አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ። «ማን እንደሆንሁ ሳያውቁ እንደሆነ በኋላ ገብቶኛል። የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እስር ቤት ሌላ የያዝሁት አልነበረኝም።»

ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ፤ ጓሮ ሄጄ ባዶ እንስራ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ያን ቃል ልነጥቀው ስመኝ የኖርኩት ነው። እሱ ደግሞ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ይዞልኝ መጥቷል። ስመለስ ውኃውን በእጄ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ጠጣ። ከዚያ በላይ አላደረግኩም፣ ከዚያ በላይም አልጠየቀኝም።

እራት በልተን ለእንግዶቹ መኝታ ሳዘጋጅ ገና ጀምበር መጥለቋ ነው። ለአባትየው ሌላ ቁርበት ነበር። ለልጁ ምን ላንጥፍለት ብዬ ስፈልግ አባቴ ተነስተው የራሳቸውን ጄንዲ አመጡ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወንድሜ በሬ ነው፤ ይህ ሰው ሊተኛበት ነው። አባቴ ዓይናቸውን አነሱ፤ አፌን ዘጋሁ። ተቀብያቸው መደቡ ላይ እንደ ልማዴ ዘረጋሁት፣ ማጅራቱን ወደ ራስጌ አድርጌ። ልጁ ከደጃፉ ቆሞ ያያል፤ የምን ቁርበት እንደሆነ አያውቅም።

አባቴ ጎንበስ ብለው ጠንካራውን ቦታ በመዳፋቸው ዳበሱት። ሌሊቱን ሁሉ ጉንጫቸውን የሚያሳርፉበት ነው።

«አዙሪው» አሉኝ። «ጠንካራው በእግሩ በኩል ይሁን። ራሱን እንዳይቆረቁረው።»

አዞርኩት።